የኤማ ሜስማን ሦስት ማሊያዎች



ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ኤማ ሜስማን ነው። ቤልጂየማዊት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው የምንኖር ብዙዎቻችን ስሟን አናውቀውም፤ የሴቶች ጨዋታ በየቤታችን ቴሌቪዥን እምብዛም አይከፈትምና። ነገር ግን ከሕይወቷ ታላላቅ ድሎች አንዱን ያገኘችው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። በአረንጓዴው መስመር ባቡር አናኮስቲያ ወንዝን ተሻግራችሁ ኮንግረስ ሃይትስ ስትወርዱ፣ በቀድሞው የሴንት ኤልሳቤጥ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ግቢ ውስጥ 4,200 ሰው የምትይዝ አዳራሽ አለች። ኦክቶበር 10 ቀን 2019 ማታ በዚያች አዳራሽ የዋሽንግተን ሚስቲክስ ሴቶች በታሪካቸው የመጀመሪያ የሆነውን የደብሊው ኤን ቢ ኤ፣ ማለትም የአሜሪካን የሴቶች ሊግ፣ ዋንጫ አነሱ። የፍጻሜው ኮከብ ተብላ የተሸለመችው ደግሞ ጨዋታውን ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ የጀመረች የ26 ዓመት ሴት ነበረች። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ከዚያ ወዲህ በአገሯ ማሊያ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆናለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብላለች። የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ አምስት ጊዜ አንስታለች። ይህ ሁሉ የሚደነቅ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ ግን ጊዜዋን የሰጠችበት መንገድ ነው። ለማን ሰጠች? ለማን ነፈገች? ነፍጋስ ምን አተረፈች? የዚህችን ሴት ሥራ በዚህ መነጽር ካላየነው ዋናው ነገር ያመልጠናል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ የሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዓመት ምን እንደሚመስል እንይ። ወንድ ተጫዋች አንድ ክለብ አለው፣ ደመወዙ ይበቃዋል፣ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ያርፋል። ሴቷ እንደዚያ አይደለችም። የአሜሪካው ሊግ በበጋ ነው የሚካሄደው፤ ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት። የአውሮፓ ክለቦች ደግሞ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይጫወታሉ። በመሀል፣ ሰኔ ላይ፣ የአውሮፓ ዋንጫ አለ፤ በአራት ዓመት አንዴ ኦሊምፒክ፣ በአራት ዓመት አንዴ የዓለም ዋንጫ። ሦስት ማሊያ፣ ሦስት አሰልጣኝ፣ ሦስት አገር፤ የሚለብሰውና የሚሮጠው ግን አንድ ገላ ነው። ጉልበት የሚያርፍበት ወር የለም።

ገንዘቡስ? በ2019 በደብሊው ኤን ቢ ኤ አንዲት ተጫዋች ልታገኝ የምትችለው ከፍተኛው መደበኛ ደመወዝ 117,500 ዶላር ነበር። በዓለም ቁጥር አንድ የሆነችው ሴት ማለቴ ነው፤ የመጨረሻዋ አይደለችም። ሩሲያና ቱርክ ያሉ ክለቦች የዚያን ብዙ እጥፍ ይከፍሉ ነበር። በ2015 የየካተሪንበርግ ክለብ ለዳያና ቶራሲ ገንዘብ ከፍሎ በአሜሪካው ሊግ እንዳትጫወት፣ በጋውን ሙሉ እንድታርፍለት አደረገ። ቶራሲ በወቅቱ ከዚህ አገር ታላላቅ ተጫዋቾች አንዷ ነበረች። እንግዲህ አስቡት፤ በገዛ አገሯ ከመጫወት ይልቅ ቤቷ መቀመጡ የበለጠ ገንዘብ ያስገኝላት ነበር። ልጃችሁ ይህን ስፖርት ሙያዋ ልታደርግ ብታስብ ማወቅ ያለባችሁ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ሜስማን የተወለደችው በ1993 በምዕራብ ፍላንደርስ፣ ኢፐር በምትባል ከተማ ነው። ኢፐርን የታሪክ ተማሪዎች ያውቋታል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ ሆና እንደገና የተገነባች ከተማ ናት። እናቷ ሶንያ ታንክሬ የታወቀች የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች፤ ልጅቷ ያደገችው በኳስ ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ኤማ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ በሚገባ አይሰማም፤ የመስሚያ መሣሪያ ትጠቀማለች። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚጽፈው ለማሳዘን ነው፤ እኔ የማየው ከጨዋታዋ አንጻር ነው። ቅርጫት ኳስ የጩኸት ጨዋታ ነው፤ ተከላካይ ለተከላካይ ይጮኻል፣ አሰልጣኝ ከዳር ይጮኻል። ሜስማንን ሜዳ ላይ ስታዩአት ግን ዓይኗ አያርፍም። ማን ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ቀድማ አይታ ትጨርሳለች። ሁለቱን ነገሮች ማያያዙ የኔ ግምት ነው፤ ዓይኗ እንደማያርፍ ግን ማንም ያየ ሰው ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ስለ አጨዋወቷ ትንሽ ልዘርዝር፤ ልጆቹ በተለይ አድምጡኝ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ93 ነው። በዚህ ቁመት ብዙዎቹ አሰልጣኞች ቀለበቱ ሥር ያቆሟችኋል፤ ተጋፊ፣ ኳስ ንጠቂ፣ ግቢ ይሏችኋል። ሜስማን በብዛት የምትገኘው ግን ከነጻ ውርወራው መስመር ጫፍና ጫፍ ነው። ኳስ የያዘችው አቀጣጣይ ወደ እሷ ትመጣለች፤ ሜስማን ቆማ ስክሪን ትሠራላታለች፤ ማለትም በገላዋ የተከላካይዋን መንገድ ትዘጋለች። አቀጣጣይዋ ትከሻዋን ታክካ ስታልፍ ሁለቱ ተከላካዮች ለአንዲት ቅጽበት ይደናገራሉ። ብዙ ረጃጅም ተጫዋቾች በዚህን ጊዜ ወደ ቀለበቱ ይሮጣሉ። እሷ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፣ ወይም ባለችበት ዞራ እጇን ታዘጋጃለች። ኳሱ ሲደርሳት እግሯ ከመሬት ብዙም ሳይነሳ ትወረውራለች። ተከላካይ ከመጣባት ደግሞ አትጣላም፤ ያ ተከላካይ ትቶት የመጣውን ሰው ታየዋለች፣ ኳሱንም ትሰድለታለች። ሦስት ምርጫ አላት፤ መወርወር፣ ማቀበል፣ አንድ ጊዜ አንጥሮ መግባት። ተቃራኒ ቡድን አንዱን ሲዘጋባት ሁለቱ ይከፈቱላታል። ምንም የሚያስጮኽ ነገር የለበትም፤ ዘላ ቀለበት አትይዝም፣ ደረቷን አትመታም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ወረቀቱ ላይ 20 ነጥብ ተጽፎላት ታገኛላችሁ።

በ2011 ቤልጂየም ከ18 ዓመት በታች የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን ሜስማን የውድድሩ ኮከብ ነበረች። ከዚያ ድንበሩን ተሻግራ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ሊል አጠገብ ላለችው ለቪልነቭ ዳስክ መጫወት ጀመረች፤ ይህችን ከተማ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን። በ2013 በደብሊው ኤን ቢ ኤ ድራፍት፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ዋሽንግተን ሚስቲክስ በ19ኛ ደረጃ መረጣት። የዚያ ዓመት 1ኛዋ ብሪትኒ ግራይነር፣ 2ኛዋ ኤሌና ዴሌ ዶን ነበሩ። አገር ምድሩ ስለ ሁለቱ ሲያወራ ስለ 19ኛዋ ያወራ ብዙ አልነበረም። በኋላ ግን ከሁለቱም ጋር ዋንጫ አነሳች፤ ከግራይነር ጋር ሩሲያ፣ ከዴሌ ዶን ጋር እዚህ። በ2015፣ ገና 22 ዓመቷ ሳለ፣ በሊጉ የኮከቦች ጨዋታ ተመርጣ ተሰልፋለች።

ሜስማን ከባዶ የበቀለች አይደለችም። ከእሷ በፊት አን ዋውተርስ ነበረች። ዋውተርስ በ2000 በዚሁ ድራፍት 1ኛ ሆና ተመርጣለች፤ ከአሜሪካ ውጭ አድገው ያንን ቦታ ካገኙ ሴቶች ሁለተኛዋ ነበረች። የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ ደጋግማ አንስታለች፣ በ2016 ከሎስ አንጀለስ ስፓርክስ ጋር የአሜሪካውን ሊግ አሸንፋለች። በአገሯ ማሊያ ግን ለረጅም ጊዜ አልቀናትም። የቤልጂየም ሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ «የቤልጂየም ድመቶች» የሚባለው፣ ከ2007 በኋላ ለአሥር ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ ላይ አልታየም። ሕዝቧ 12 ሚሊዮን የማይሞላ፣ ፍላማንና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ተብሎ የተከፈለ፣ ስፖርቱ በብስክሌትና በእግር ኳስ የተያዘ አገር ነው። ታላቅ ተጫዋች ኖራቸው ታላቅ ቡድን አልነበራቸውም።

በ2017 ነገሩ ተለወጠ። በአሰልጣኝ ፊሊፕ መስዳግ እየተመሩ ፕራግ ላይ የአውሮፓ ሦስተኛ ሆኑ። ለቤልጂየም ሴቶች በዚህ ደረጃ የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነበር። ውጤቱ ለቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋንጫም አሳለፋቸው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የሜስማን ትልቁ ውሳኔ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በ2018 በጋ ለሚስቲክስ አልጫወትም አለች። አልታመመችም፣ ከክለቡም አልተጣላችም። ዓመት ከዓመት ሳታርፍ ስትጫወት ቆይታለች፤ ማረፍ ፈለገች፣ ለዓለም ዋንጫው ከብሔራዊ ቡድን ጓደኞቿ ጋር መዘጋጀት ፈለገች። በስፖርት ዓለም የዚህ ዓይነት ውሳኔ ጥሩ ስም አያሰጥም። ተጫዋች ሁሌም ትልቁን መድረክ ትመርጣለች ተብሎ ይታሰባል፤ ትልቁ መድረክ ደግሞ አሜሪካ ነው። ያ ዓመት ደግሞ ሚስቲክስ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ የደረሱበት ዓመት ሆነ። በሲያትል ስቶርም 3 ለ 0 ተሸነፉ። ሜስማን ብትኖር ኖሮ የሚል ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አልጠፋም።

በዚያው ዓመት የቤልጂየም ሴቶች ለዓለም ዋንጫው ስፔን፣ ቴኔሪፌ ደሴት ላይ ነበሩ። አዘጋጇን ስፔንን በምድብ ጨዋታ አሸነፉ። በሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይን 86 ለ 65 ደበደቡ። በግማሽ ፍጻሜው ለአሜሪካ ተሸነፉ፣ ለነሐሱ በተደረገው ጨዋታ ስፔን ተበቀለቻቸው፤ አራተኛ ሆኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ የተሳተፈ ቡድን አራተኛ ሲሆን አስቡት። ሜስማን በውድድሩ ምርጥ አምስት ውስጥ ገባች። ብዙ ሰው ይህን «መስዋዕትነት» ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። መስዋዕት የሚሆነው የሚበልጠውን ለሚያንሰው ስትሰጥ ነው። ለእሷ የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ የሰጠችውም ለሚበልጠው ነው።

በ2019 ወደ ዋሽንግተን ተመለሰች። እንደገና በውድድር መሀል ቡድኑን ትታ ለአውሮፓ ዋንጫ ሄደች፤ ቤልጂየም አምስተኛ ወጣች። ስትመለስ አሰልጣኝ ማይክ ቲቦ ከተቀያሪ ወንበር እንድትጀምር አደረጋት። ሚስቲክስ 26 አሸንፈው 8 ብቻ የተሸነፉ፣ በደንብ የተዋሃዱ ቡድን ነበሩ፤ ቋሚ አምስቱን ማፍረስ አላስፈለገም። እሷም ቅሬታ አላሰማችም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ኮከብ ተጫዋችን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሰላም ያገኘ አሰልጣኝ ብዙ አይደለም።

ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ልዩ ሰው ሆነች። በግማሽ ፍጻሜው ከላስ ቬጋስ ጋር በመጀመሪያው ጨዋታ 27፣ በሁለተኛው 30 ነጥብ አስቆጠረች። ፍጻሜው ከኮኔቲከት ሰን ጋር ነበር፤ ቲቦ ወደ ዋሽንግተን ከመምጣቱ በፊት አሥር ዓመት ያሰለጠነው ቡድን ነው። በሁለተኛው ጨዋታ ዴሌ ዶን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወገቧን ይዛ ወጣች። በኋላ እንደታወቀው የአከርካሪዋ ሦስት ዲስኮች ተንሸራተዋል። እንደዚያ ሆና ተመልሳ ተጫወተች፤ ሙሉ ጉልበቷ ግን አልነበረም፤ ክፍተቱን የሸፈነችው ሜስማን ናት። አምስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ ላይ በሦስተኛው ሩብ ኮኔቲከት እየመራ ነበር። ሜስማን ከወንበር ተነስታ ገባች፤ ያንኑ የምታውቀውን ቦታ፣ የነጻ ውርወራውን መስመር ጫፍ ያዘች፤ ውርወራውም መግባት ጀመረ። በ22 ነጥብ ጨረሰች፣ ጨዋታው 89 ለ 78 አለቀ። ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳች የፍጻሜ ኮከብ የሆነች የመጀመሪያዋ ተጫዋች እሷ ናት። የአሰልጣኝ ፊሊፕ መስዳግ ልጅና የብሔራዊ ቡድን ጓደኛዋ ኪም መስዳግም በዚያ ቡድን ውስጥ ስለነበረች ዋንጫውን ሁለት ቤልጂየማውያን ናቸው ያነሱት።

የክረምቷን ወራት በአመዛኙ ያሳለፈችው በሩሲያ ነው። ለየካተሪንበርግ በ2018፣ በ2019 እና በ2021 የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ አነሳች። ክለቡ የአንድ ታላቅ የመዳብ ኩባንያ ገንዘብ ያለበት ነው፤ የዓለምን ምርጥ ሴቶች በአንድ ማሊያ የሰበሰበ ነበር። በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ወደ ክለቡ እየተመለሰች የነበረችው ግራይነር ሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዛለች፤ የተፈታችው በታኅሣሥ ነው። የሩሲያ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ምቾት፣ በአንድ ወር ውስጥ ፈረሰ። ሜስማን በጋውን ለቺካጎ ስካይ ተጫወተች፣ ከዚያ ኢስታንቡል ወደ ፌነርባቼ ሄደች። በ2023 ለፌነርባቼ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አመጡለት፣ በ2024 ደገሙት። በ2024ቱ ፍጻሜ ያሸነፉት የቀድሞ ክለቧን፣ ቪልነቭ ዳስክን ነበር።

አሁን ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በወረርሽኙ ምክንያት በ2021 ነው የተካሄደው። ቤልጂየም በሴቶች ቅርጫት ኳስ ኦሊምፒክ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። አን ዋውተርስ 40 ዓመቷ ነው፤ ይህን ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃለች። በመክፈቻው አውስትራሊያን 85 ለ 70 አሸነፉ፤ ሜስማን ብቻዋን 32 ነጥብ አገባች። በሩብ ፍጻሜ ከአዘጋጇ ከጃፓን ጋር ተገናኙ። ኦገስት 4 ቀን ነበር። ሊያልቅ 16 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ሳኪ ሃያሺ የምትባል ጃፓናዊት የሦስት ነጥብ ውርወራ አገባች። 86 ለ 85። የቤልጂየም የመጨረሻ ውርወራ ሳይገባ ቀረ። ዋውተርስ ጫማዋን የሰቀለችው ከዚያ ውድድር በኋላ ነው። ጃፓን እስከ ፍጻሜው ዘልቃ ብር ወሰደች።

ሦስት ዓመት አለፈ። የፓሪስ ኦሊምፒክ የምድብ ጨዋታዎች ሊል ነበሩ፤ ስታዲየሙ ያለው በዚያችው ያዙልኝ ባልኳችሁ ከተማ በቪልነቭ ዳስክ ነው። ከኢፐር ብዙም አይርቅም። ቤልጂየም በጀርመን በ14፣ በአሜሪካ በ13 ነጥብ ልዩነት ተሸንፋ ለመውደቅ ተቃርባለች። የቀራት ጨዋታ ከጃፓን ጋር ነው፤ ቀኑ ኦገስት 4። ማሸነፍ ብቻ አይበቃም። ከምድባቸው ሦስተኛ ከሚወጡት ሦስት ቡድኖች ሁለቱ ያልፋሉ፤ ቤልጂየም የምትፎካከረው ከቻይና ጋር ነው። ቻይና ጨዋታዋን ጨርሳ የነጥብ ልዩነቷ ከዜሮ በታች አንድ ሆኖ ተቀምጣለች። የቤልጂየም ከዜሮ በታች 27 ነው። ስለዚህ በሁለት ነጥብ፣ በአሥር ነጥብ ማሸነፍ ዋጋ የለውም፤ 27 ያስፈልጋል። የኦሊምፒክ የብር ባለቤት የሆነን ቡድን በ27!

እንዲህ ያለ ጨዋታ ተጫዋችን ያሳብዳል። ተጨንቀሽ ከቸኮልሽ ኳስ ታበላሻለሽ፤ ካልቸኮልሽ ሰዓቱ ያልቃል። በ20 እየመራሽም ገና ተሸናፊ ነሽ። አሸንፈው ጨረሱ፤ ውጤቱ 85 ለ 58። ቁጭ ብላችሁ ቀንሱት፤ 27 ነው፣ አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ። በስፖርት ከማውቃቸው ከባድ ፈተናዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላስታውስም። ስፔንን በሩብ ፍጻሜ 79 ለ 66 አስወጡ። በግማሽ ፍጻሜው ፓሪስ ላይ አዘጋጇን ፈረንሳይን እስከ ጭማሪ ሰዓት ወስደው 81 ለ 75 ተሸነፉ። ለነሐሱ ከአውስትራሊያ ጋር ተጫውተው 85 ለ 81 ወደቁ። አራተኛ። ይህ ያማል፤ ለእነሱ ብቻ አይደለም፣ ለእኔም ያመኛል። ያ ትውልድ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ይገባው ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል የአሜሪካው ሊግ አዲስ ሕግ አወጣ። ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ክለቧ ዘግይታ የመጣች ነባር ተጫዋች ትቀጣለች፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የዝግጅት ካምፑ ሲከፈት ካልደረሰች ዓመቱን በሙሉ ትታገዳለች። ሊጉ የራሱን ጥቅም ማስከበሩን አልነቅፍም፤ ደመወዙንም ከፍ አድርጓል። ነገር ግን ቀድሞ ተጫዋቿ እንደምንም ታቻችለው የነበረውን ጉዳይ አሁን ምረጪ አሏት። ሜስማን በ2023ም በ2024ም እዚህ አልመጣችም።

በ2023 በጋ የት እንደነበረች ልንገራችሁ። ስሎቬኒያ፣ ልዩብልያና ነበረች። ቤልጂየም ስፔንን 64 ለ 58 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ሜስማን። ዓመት በዓመት ይህን ቡድን ስትጠብቅ ኖራ፣ ከቡድን ጓደኞቿ ከኳስ አቀባዮቹ ከጁሊ አሌማንና ከጁሊ ቫንሎ ጋር፣ ቀለበት ሥር ከኪያራ ሊንስከንስ ጋር፣ አንዷ ሌላዋን ዓይኗን አይታ እስክትረዳት ድረስ አብረው ቆይተው ነው እዚያ የደረሱት። ትልልቆቹ አገሮች በየውድድሩ አሥራ ሁለት አዲስ ተጫዋች መቀያየር ይችላሉ። ቤልጂየም አትችልም። ያላት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ተጫዋቾቹ በጋቸውን ከሰጧት ነው። ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በላይ የሰጠችው ሜስማን ናት።

ለ2025ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ቡድኑን የያዘው ማን እንደሆነ ብነግራችሁ ዋሽንግተኖች ደስ ይላችኋል። ማይክ ቲቦ! ያ ከወንበር ያስነሳት የሚስቲክስ አሰልጣኝ። ፍጻሜው ግሪክ፣ ፒሬየስ ላይ፣ አሁንም ከስፔን ጋር ነው። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ስፔን 65 ለ 53 ትመራለች፤ የ12 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስፔን አንድም ነጥብ አላገባችም። ቤልጂየም 14 ነጥብ በተከታታይ አስቆጥራ 67 ለ 65 አሸነፈች። አሁንም ምርጥ ተጫዋች ሜስማን፤ 32 ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ፣ የአገሯን ጉዳይ ጨርሳ፣ የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ ለኒው ዮርክ ሊበርቲ ፈርማ ወደ አሜሪካ ተመለሰች።

ልጆች፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ የፒሬየስን ፍጻሜ የመጨረሻ ደቂቃዎች ፈልጉና እዩ። በመጀመሪያ እንደ ደጋፊ ሆናችሁ እዩት፣ ጩኹ። ከዚያ ወደ ኋላ መልሱትና ኳሱን ትታችሁ 11 ቁጥርን ብቻ ተከተሏት። ኳስ ሳትይዝ የት እንደምትቆም፣ ስክሪን ሠርታ ስንት እርምጃ እንደምትርቅ፣ መከላከል ላይ እጇን የት እንደምታደርግ ተመልከቱ፤ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ለአሰልጣኞቻችሁ አሳዩአቸው። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት ሴት ልጆች እንጀምር።